በአጎበር የተጠቀለሉ ግንዶች

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው እንዲህ ባለ ሰዓት የሚደወል ስልክ ምን እንደሚል ሳያነሣው ያውቃል። የጋሽ ይርጋ ልጅ ፀሐይ ነበረች።

«አባዬ ዐረፉ፣ ጋሼ።» አልቅሳ ጨርሳ ድምፅዋ ደርቋል። «በዘጠኝ ሰዓት ዘጌ ነው የሚቀበሩት። ጀልባው ስድስት ሰዓት ላይ ይነሣል። የሕይወት ታሪካቸውን እርስዎ እንዲጽፉልን ብለን ነው።»

«ከቤተሰቡ የሚጽፍ ሰው ቢኖር አይሻልም?»

«እሳቸው ናቸው ያሉት። ‹እሱ ይጻፈው፤ የግንዶቹን ነገር የሚያውቀው እሱ ነው› አሉ። የትኞቹ ግንዶች እንደሆኑ እኛ አናውቅም። እርስዎ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ» አልሁ።

በቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ከጽሑፍ ዓይነት ሁሉ የምጠላው ነው። ሟች ሁሉ ደግ፣ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነው። ክፉዎቹ የት እንደሚቀበሩ እስከ ዛሬ አልደረስሁበትም። ይህን ቀልድ ደጋግሜ ጽፌዋለሁ፣ ሰውም ስቆልኛል። ያን ዕለት ጠዋት ግን ባዶ ወረቀት ፊት ተቀምጬ ቀልዱ ወደ እኔው ዞረ። ስለ ጋሽ ይርጋ መዋሸት አያስፈልግም ነበር። ውሸት የሚያስፈልገው በታሪካቸው ውስጥ እኔ የገባሁበት ቦታ ላይ ነው።

ጋሽ ይርጋ እኔ በማስተምርበት ኮሌጅ የቤተ ሙከራው ኃላፊ ነበሩ። ኃላፊ የሚለው ቃል ደረት ያስነፋል እንጂ ሥራቸው ብልቃጥ ማጠብ፣ ማይክሮስኮፕ መወልወልና ቁልፍ መያዝ ነበር። የዘጌ ሰው ናቸው። ልጅ ሆነው ቅኔ ቤት ገብተው፣ ሳይጨርሱ ወጥተው፣ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ቆይተው ገብተው፣ እሱንም በቅጡ ሳይጨርሱ ሥራ ያዙ። «ሁለት ቤት ጀምሬ አንዱንም ጣራ አላለበስሁ» ይሉ ነበር። ቀጭን ነበሩ። አንገታቸው ሁልጊዜ ወደ ግራ ዘንበል ያለ ስለሆነ የማያውቃቸው ሰው ሕመም ይመስለው ነበር። ሕመም አልነበረም። ያዳምጡ ነበር።

የሚያዳምጡት እንጨት ነው። በር፣ ወንበር፣ የመስኮት ክፈፍ፣ ምሰሶ፣ ምንም ይሁን ምን አያልፉትም። በመሐል ጣታቸው ጥፍር ሁለት ጊዜ ያንኳኩታል፣ መዳፋቸውን ይለጥፉበታል፣ አንገታቸውን ዘንበል ያደርጋሉ። ሥራ በጀመርሁ በመጀመሪያው ሳምንት ቢሮዬ መጥተው ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳንለዋወጥ ጠረጴዛዬን አንኳኩ።

«ይኸ ጠረጴዛህ ውስጡ ነዋሪ አለበት» አሉኝ።

ሳቅሁ። ብዙ መጽሐፍ ያነበብሁ፣ ገና ሠላሳ ያልሞላኝ፣ ባሕር ዳርን ለጊዜው የተቀመጥሁባት ከተማ አድርጌ የማይ ሰው ነበርሁ። ከወራት በኋላ የፈተና ወረቀት እያረምሁ ሳለ የተደገፍሁት ጠረጴዛ እግሩ ተሰብሮ ከነወረቀቱ መሬት ላይ ተዘረጋሁ። ጋሽ ይርጋ ድምፅ ሰምተው መጡ። ያነሡት ግን እኔን አይደለም፤ የተሰበረውን እግር ነው። በጉልበታቸው ላይ ሰነጠቁትና ከውስጡ ነጭ፣ ወፍራም ትል አውጥተው መዳፋቸው ላይ አሳዩኝ።

«ይኸውልህ ባለቤቱ። ለመሆኑ አንተ ደህና ነህ?»

ስለ ተርቧ የነገሩኝም ያን ዕለት ነው። እንዲህ ያለውን እንጨት በል ትል የምታድን አንዲት ተርብ አለች። ከገብስ ፍሬ ብዙ አትበልጥም። ጥቁር ናት፣ ከወገቧ በታች ቀይ፣ በአናቷ ላይ ዘውድ የሚመስሉ ጥቃቅን ጥርሶች አሏት። ሊቃውንቱ የቤተሰቧን ስም ኦሩሲዴ ይሉታል። እንደ ጋሽ ይርጋ አባባል ይህ ቤተሰብ አበባ እንኳ በምድር ላይ ከመብቀሉ በፊት የነበረ ነው፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የቀሩት ጥቂት ናቸው፤ እነሱንም ያየ ሰው ጥቂት ነው። ፀሐይ ባገኘው፣ ቅርፊቱ በረገፈ ደረቅ ግንድ ላይ እየተራመደች በቀንዶቿ ጫፍ ታንኳኳለች። ከዚያ ቆማ የፊት እግሮቿን በእንጨቱ ላይ ተክላ ታዳምጣለች። ትሉ ያለበትን ስታውቅ በሆዷ ውስጥ ጠቅልላ የያዘችውን፣ ከፀጉር የቀጠነ መርፌ አውጥታ እንጨቱን ትበሳና እንቁላሏን ታስገባለች። ልጇ ትሉን በልቶ ያድጋል፤ ቀኑ ሲደርስ እንጨቱን ቦርቡሮ ይወጣል።

ስለዚህ በጋሽ ይርጋ ቋንቋ ስሟ ደጅ ጠኚ ነበር። ድሮ ከጌታ በር ቆሞ እስኪጠራ የሚጠብቀውን ባለጉዳይ ደጅ ጠኚ እንደሚሉት ማለት ነው። «ማንኳኳትማ ማንም ያንኳኳል» ይሉኝ ነበር። «አንኳኩቶ ዝም ማለት ነው የሚከብደው።»

በቅኔ ተማሪነታቸው አንድ ቀን ዘጌ፣ ከገዳሙ ጀርባ በደረቅ ዛፍ ላይ አይተዋታል። ምን እንደሆነች ያኔ አላወቁም። ከብዙ ዓመት በኋላ ቤተ ሙከራው ውስጥ ከተጣለ አሮጌ መጽሐፍ ላይ ሥዕሏን ሲያዩ ወዲያው ዐወቋት። ከዚያ ወዲህ ዕረፍታቸው ሁሉ ዘጌ ሆነ። በውጭ አገር ካለ አንድ የዘርፉ ሊቅ ጋር ይጻጻፉ ነበር። ሊቁም በጨዋ ቋንቋ፣ በእጄ ካልያዝሁ አላምንዎትም፤ አንዲት ብቻ ይላኩልኝ ብሏቸዋል።

እኔ ደግሞ በዚያ ዘመን ማንንም ለማመን ቸኩዬ አላውቅም።

«ጋሼ፣ አገሩ እንዲህ እየታመሰ እርስዎ ዕድሜዎን ለአንዲት ዝንብ ይሰጣሉ?»

«ዝንብ አይደለችም።»

«እሺ፣ ተርብ። ምን ትጠቅማለች?»

«አንተስ?»

ስድብ አልነበረም። የምር ጠይቀው፣ መልሱን ለመስማት አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ቆሙ።

በዚያው ዓመት ለኮሌጁ መጽሔት «የሞተ እንጨት ሱባኤ» የሚል ስላቅ ጻፍሁ። ስማቸውን አልጠራሁም፤ መጥራት አላስፈለገኝም። ተማሪው ሁሉ እየተቀባበለ አነበበው። እሳቸው ጽሑፉን ቆርጠው በቤተ ሙከራው በር ላይ ለጠፉት። ከሥሩም በቀይ እስክሪብቶ አንዲት እርማት ጻፉ፦ «ስምንት እግር የተባለው ስድስት ይባል። ሌላው እውነት ነው።»

አሁን ወደ ግንዶቹ ልምጣ። ጋሽ ይርጋ ተርቧን እንደገና አገኟት። በዐይናቸው ፊት የወደቀ ግንድ ስትበሳ አይተው፣ ሊይዟት ሲሉ በረረችባቸው። ግንዱ ግን አልበረረም። እንቁላሏ በውስጡ አለ። ችግሩ ዘጌ ላይ ነው። በገዳሙ ዙሪያ ያለ ዛፍ በጥንቱ ሥርዓት አይቆረጥም፤ የወደቀውም ቢሆን የገዳሙ ነው። ጋሽ ይርጋ አበ ምኔቱን ደጅ ጠኑ። ልመና የለ፣ ማመልከቻ የለ፤ በየበዓሉ እየሄዱ ከበሩ አጠገብ መቀመጥ ብቻ ነው። ከብዙ ወራት በኋላ ተፈቀደላቸው። ተርቧ የበሳችው አንድ ግንድና አጠገቡ የወደቁ አራት፣ ግን በአንድ ቃል ኪዳን፦ ሥራው ሲያልቅ ግንዶቹ ተመልሰው መጥተው ከወደቁበት ይተኛሉ።

አምስቱን ግንድ በጀልባ አመጡና ከቤተ ሙከራው ጀርባ በረንዳ ላይ አቆሟቸው። እያንዳንዱን በአጎበር ጠቀለሉት፤ የምትወጣው ተርብ እንዳትበር። በየግንዱ ላይ «አይነካ» የሚል ወረቀት ሰቀሉ። ክረምቱን ሙሉ ጠዋትና ማታ እያንኳኩ ከረሙ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ክንዴን ይዘው ወሰዱኝና ጆሮዬን ግንዱ ላይ አስለጠፉኝ። ምንም አልሰማሁም።

«ትላልቆቹ ትሎች ዝም ብለዋል» አሉኝ በሹክሹክታ። «ተበልተዋል ማለት ነው። ከመስቀል በኋላ ትወጣለች። ሄጄ ለአበ ምኔቱ ልንገራቸው፤ ቃሌን የምፈጽምበት ጊዜ መድረሱን ይወቁልኝ።»

ለመስቀል ዋዜማ ዘጌ ሄዱ። ግንዶቹን ለኮሌጁ ዘበኛ ለሞላ አደራ ብለው ነው። ሞላ የመሸንቲ ሰው ነው፤ ብዙ አይናገርም።

በዚያ ዓመት የግቢያችን ደመራ ኮሚቴ ውስጥ ነበርሁ። እኔን የመሰለ ተጠራጣሪ እዚያ ምን ይሠራል ትሉ ይሆናል፤ ንግግር ስለምወድ ነው። ክረምቱ ዘግይቶ እንጨቱ ሁሉ ርሷል። ችቦውን ሰው ከየቤቱ ያመጣል፤ መሐሉን የሚይዝ ደረቅ ግንድ ግን ጠፋ። አንዱ «ነገ ጭስ ልናይ ነው» ብሎ ሲያላግጥ ለእኔ አንድ ቀልድ መጣልኝ።

«የደረቅ እንጨት ባለጸጋ እያለን ምን አስጨነቀን?» አልሁ። ሰው ሳቀ። የሳቀልኝን ሰው ማሳዘን አልችልም፤ ይህ ትልቁ ሕመሜ ነው። ወደ በረንዳው መራኋቸው።

ሞላ ከግንዶቹ ፊት ቆመ።

«አይሆንም መምህር። ጋሽ ይርጋ አደራ ብለውኛል።»

«ለመስቀል ነው እኮ ሞላ! ቅኔ ቤት ያደጉ ሰው በመስቀል ይቆጣሉ?»

«እሱን አላውቅም። አደራ ነው።»

«ኃላፊነቱ የኔ ነው» አልሁት።

ይህን ቃል በአገራችን ስንት ሰው ስንት ጊዜ እንደሚለው ታውቃላችሁ። ሞላ ግን አመነኝ። ከመንገዱ ገለል አለ። አጎበሮቹን የቀደድሁት በገዛ እጄ ነው።

በማግስቱ ማለዳ ደመራው ተለኮሰ። ደረቁ ግንድ ወዲያው ተቀጣጠለ፣ ተንጣጣ፣ ወደ ምሥራቅ ወደቀ። ሽማግሌዎቹ ጥጋብ ነው አሉ። አመዱን በየግንባራችን ላይ በመስቀል ምልክት ተቀባን። እኔም ተቀባሁ። ሞላ አልተቀባም።

አራት ሰዓት ገደማ ጋሽ ይርጋ ከጀልባ ወርደው መጡ። ነጭ ልብሳቸውን ለብሰዋል፣ ደስ ብሏቸዋል፤ አበ ምኔቱ መርቀው ሸኝተዋቸዋል። መጀመሪያ ያመሩት ወደ በረንዳው ነው። ሲመለሱ በእጃቸው የአጎበር ቁራጭ ነበር። ፍሙ አጠገብ መጥተው ቆሙ። ያልተቃጠለ የግንድ ጫፍ በእግራቸው ገፋ አድርገው አዩት።

«ማን ነው ያወጣው?»

አንድ ቃል ነበር የሚጠበቅብኝ። ትናንት ያለ ማንም ጠያቂ ያልሁትን ያንኑ ቃል።

«እኔም አሁን ነው የሰማሁት፣ ጋሼ» አልሁ። «እንጨት ፍለጋ ሲዞር የነበረው ሞላ ይመስለኛል።»

ሞላ ያየው ጋሽ ይርጋን አይደለም። እኔን ነው። ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ መሬት መሬት እያየ «አዎ፣ እኔ ነኝ» አለ። ኮሚቴው ሁሉ እዚያው ነበር፤ ሁሉም ያውቃል። ማንም አልተነፈሰም። ከዘበኛ ጋር ለመቆም ከመምህር ጋር መጣላት ያስፈልግ ነበር።

ጋሽ ይርጋ የሞላን ግንባር አዩ። የእኔን ግንባር አዩ። ወደ እኔ ቀርበው በመሐል ጣታቸው ጥፍር ደረቴን ሁለት ጊዜ አንኳኩ። መዳፋቸውን ለጠፉበት። አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ።

«እንኳን አደረሰህ» አሉኝና ሄዱ።

በሳምንቱ አስተዳደሩ ሞላን የቤተ ሙከራ ንብረት አጥፍቷል ብሎ ሊያባርረው ሆነ። ያኔም ዝም አልሁ። በምሽቱ አንድ ደብዳቤ ጻፍሁ፣ ጠዋት ቀደድሁት። ጋሽ ይርጋ ግን ቢሮ ገብተው «ለመስቀሉ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ሰውየውን ተዉት» አሉ። ሞላ ዳነ። እሳቸው ግን የሠሩትን በእጃቸው ያቃጠሉ ቀልበ ቢስ ሽማግሌ ተባሉ። ከዚያ በኋላ ጥናት የሚል ቃል ከአፋቸው ሲወጣ ሰው ፈገግ ይል ነበር። ፈገግታውን ያስተማርሁት እኔ ነኝ።

አመዱን በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ሞልተው ዘጌ ወሰዱት፤ ቃል ቃል ነውና። አበ ምኔቱ ቆርቆሮውን ተቀበሉ፣ ግንዶቹ ከወደቁበት አፈሰሱትና «ልጄ፣ እንጨት ሰጥቼ ሁለተኛ አመድ አልቀበልም» አሏቸው። በዚያ አበቃ። ለሊቁ የሚላክ ነገር አልተገኘም። ተርቧ በባሕር ዳር ዙሪያ መኖሯን የሚናገር አንድም መዝገብ ዛሬ የለም።

ይህ ሁሉ ከሆነ አሥራ አራት ዓመት ሆነው። ጡረታ ከወጡ በኋላ ፋሲሎ ሰፈር ያለው ቤታቸው እየሄድሁ እጠይቃቸው ነበር። በየጊዜው ስሄድ ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነው። ስለ ሐይቁ መጉደል እናወራለን፣ ስለ ፖለቲካ እሳደባለሁ፣ ያነበብሁትን እተርካለሁ። ልነሣ ስል ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቁኛል።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም ጋሼ።»

«በል ደህና ዋል።»

የሰው ልማድ ነው ብዬ አልፈው ነበር። ስንሰነባበት ሁላችንም የምንለው ነገር ነው።

በቀብሩ ቀን አራት ገጽ ጻፍሁ። በሦስተኛው ገጽ መሐል ላይ ያቺን ዓረፍተ ነገር አስገባኋት። ስጽፋት ራሴን አደነቅሁ። ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ ስድስት ሰዓት ላይ ጀልባ ተሳፈርሁ። ሬሳው መሐል ላይ በነጭ ተሸፍኖ፣ ካህናቱ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ። እኔ የተቀመጥሁበት ወንበር ትይዩ አንድ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ነበር። ሞላ ነው። ፀጉሩ ነጭቷል።

ግማሽ መንገድ ሄድን። ሞተሩ ይጮኻል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ወደ ጆሮዬ ቀረበ።

«እርስዎ ናቸው የሚያነቡት አሉ።»

«አዎ።»

«ያውቁ ነበር እኮ» አለኝ። «በዚያው ቀን ማታ ቤታቸው ሄጄ ነገርኋቸው። አደራ በልቼ እንቅልፍ እምቢ ቢለኝ።»

«ምን አሉ?»

«ምንም። ‹አንተ ተወው፤ ራሱ መጥቶ ይነግረኛል› አሉ። ሲታመሙም ልጠይቃቸው ስሄድ ‹ነገሩዎት ወይ?› እላለሁ። ‹ገና ነው፤ ትናንት መጥቶ ነበር፣ ሊል ሊል ብሎ ተመለሰ› ይሉኛል። አይቀየሙም። እንደዚያች ተርባቸው ነው የሚጠብቁዎት።»

ያ ሁሉ «ሌላስ?» አንድ በአንድ መጣብኝ።

ዘጌ ወረድን። ዛፎቹ መሐል ባለው የእግር መንገድ ሬሳውን ተከትለን ወጣን። ፍትሐቱ ካለቀ በኋላ ስሜ ተጠራ። ቆሜ ማንበብ ጀመርሁ። ትውልዳቸውን፣ ቅኔ ቤቱን፣ ቤተ ሙከራውን፣ ተርቧን። ስለ ጠረጴዛዬ እግር ሳነብ ሰው በልቅሶ መሐል ሳቀ፤ ድምፄ ሞቀ። ሦስተኛው ገጽ መጣ። ቀና ስል ከፊቴ የድሮ ባልደረቦቼ፣ ሁለት ተማሪዎቼ፣ አበ ምኔቱን የተኩት አባት፣ ፀሐይ። ከሁሉ ኋላ ሞላ፣ ጋቢውን አጣፍቶ፣ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ።

ዐይኔ መስመሯን ዘለለ። እኔ ነኝ ያዘለልሁት፤ ዐይን ምን ያደርጋል። ከሥር ያለውን «ደግ፣ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ» የሚለውን አነበብሁ። አዎ፣ እሱንም ጽፌው ነበር።

ሲያበቃ ሞላ መጥቶ እጄን ጨበጠ። «ጥሩ አነበቡ፣ መምህር» አለኝ። ፌዝ አልነበረበትም። የነበረበት ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ፀሐይ ደግሞ እጇን ዘረጋች። «ወረቀቱን ይስጡኝ ጋሼ፤ ለልጆቼ ላስቀምጠው።»

«ስርዝ ድልዝ በዝቶበታል። በንጹሕ ገልብጬ አመጣልሻለሁ።»

ከዚያ ወዲህ አርባቸው ወጥቷል። ባለፈው ቅዳሜ ወረቀቱን ይዤ ፋሲሎ ሄድሁ። ከቆርቆሮው በር ፊት ቆሜ እጄን አነሣሁ። ከውስጥ የፀሐይ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ከጎረቤት ጋር ትስቃለች። እጄን አውርጄ ተመለስሁ። ሺህ አንባቢ ፊት መናዘዝ አንዲት በር ከማንኳኳት ይቀልላልና ይኸው እዚህ ጻፍሁት፤ ይህም ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። ይህ ጽሑፍ ሲወጣ ሰው ያሳያት ይሆናል፣ ወይም ቀድሜ እደርስ ይሆናል። ከሦስተኛው ገጽ የዘለልኋት መስመር ይህች ናት፦

«ከዘጌ የመጡትን ግንዶች ያቃጠለው ሞላ አይደለም፤ ሟቹም አልሰጧቸውም። ኃላፊነቱ የኔ ነው ብዬ አጎበሩን የቀደድሁት፣ ሲጠይቁኝም አላውቅም ያልሁት ይህን የማነብላችሁ እኔ ነኝ።»